ጣት፣ ኳስ፣ ማሳጅ ቤት ወይስ ወጌሻ? ጅማ ላይ ሆነው ለድካምና ለጭንቀት አኩፕሬዠር ሲመርጡ

ጅማ ውስጥ "ትከሻዬ ደርቋል፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል" ያለ ሰው በአንድ ቀን አራት ምክር ይሰማል። አንዱ ማሳጅ ቤት ሂድ ይለዋል። ሌላው ወጌሻ ይጠቁመዋል። ሦስተኛው ስልኩ ላይ ያየውን ባለ እሾህ ምንጣፍ አስመጣ ይለዋል። አራተኛው እጁን ይዞ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መሀል ጫን እያደረገ "ይኸው፣ ራስ ምታትህ ይለቅሃል" ይለዋል። አራቱም አኩፕሬዠር የሚል ስም ሊሰጣቸው ይችላል፤ ነገር ግን ዋጋቸውም፣ አደጋቸውም፣ ጥቅማቸውም አይገናኝም።

አኩፕሬዠር ከጥንታዊው የቻይና ሕክምና የመጣ ነው። በሰውነት ላይ የተወሰኑ ነጥቦችን በጣት፣ በክርን ወይም ጫፉ ባልሾለ እቃ ለጥቂት ጊዜ ተጭኖ መያዝ ማለት ነው። እነዚያኑ ነጥቦች በመርፌ መውጋት አኩፓንቸር ይባላል፤ እሱ የሠለጠነ ባለሙያና ንጹሕ መርፌ ስለሚጠይቅ እዚህ አናነሳውም። የዓለም ጤና ድርጅት የምዕራብ ፓሲፊክ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2008 የ361 ነጥቦችን መገኛ ወጥ አድርጎ አሳትሟል። ስለዚህ "ሌላ የማያውቀው ምስጢራዊ ነጥብ አለኝ" ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢያጋጥምዎ አይክፈሉ።

መጀመሪያ፣ ይህ ጉዳይ የመታሸት ጉዳይ ነው?

አማራጮቹን ከማወዳደርዎ በፊት ይህን ጥያቄ ይመልሱ። ጅማ የወባ አገር ናት፤ ራስ ምታት ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ የሚቀድመው የደም ምርመራ ነው። ደረትን የሚጨንቅ ሕመም፣ በድንገት የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የአፍ መጣመም፣ ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ከዓይን ብዥታ ጋር የሚመጣ ራስ ምታት ካለ አንድም ደቂቃ ሳያባክኑ ወደ ጅማ ሜዲካል ሴንተር ወይም በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ። አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆና አሞ ከሆነ ውስጡ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል። እሱን ማሸት የረጋውን ደም ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ስለሚችል ማንም እንዲነካው አይፍቀዱ።

ከነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ችግሩም ድካም፣ የጡንቻ መጨማደድ፣ ጭንቀት ወይም እንቅልፍ ማጣት ከሆነ ወደ ምርጫው እንግባ።

በምን እንመዝናቸው?

ትልቁ መመዘኛ መደጋገም መቻሉ ነው። የአኩፕሬዠር ውጤት አጭር ነው፤ ትከሻው ለሰዓታት ይለቃል፣ ሌሊቱ ደህና ይታደራል፣ ከዚያ ኑሮው ያው ስለሆነ መጨማደዱም ይመለሳል። በወር አንዴ የሚደረግ ድንቅ ማሳጅ በየማታው ከሚደረግ የ12 ደቂቃ ተራ መጫን ያንሳል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ባለማሰቡ ነው።

ቀጥሎ ደኅንነት ይመጣል፦ የሚጫነው ሰው ቢሳሳት ምን ያህል ይጎዳዎታል? የራስ ጣት ቢሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ቆዳ ቢበልዝ ነው። የሌላ ሰው ክንድ አንገትዎን ቢጠመዝዝ ግን ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ወጪ ነው። የአንድ ጊዜ ዋጋ ሳይሆን የወር ዋጋ ይያዙ፤ በሳምንት አንዴ የሚሄዱ ከሆነ የማሳጅ ቤቱን ክፍያ በ4 ያባዙና የባጃጁን ደርሶ መልስ ይጨምሩበት። አራተኛው ነፃነትና ንጽሕና ነው፦ ልብስ ማውለቅ ያስፈልጋል? የሚነካዎት ሰው ከእርስዎ ጋር አንድ ፆታ ነው? አንሶላው ይቀየራል?

ማስረጃውንም በሐቅ እናስቀምጠው። የተሻለ ማስረጃ ያለው በእጅ አንጓ በኩል ያለው የማቅለሽለሽ ነጥብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ 59 ጥናቶችን አይቶ፣ ይህን ነጥብ ማነቃቃት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ማቅለሽለሽን በመከላከል ከመድኃኒቶቹ ጋር እንደሚቀራረብ ደምድሟል። ጥናቶቹ መርፌንም፣ ኤሌክትሪክንም፣ በጣት መጫንንም የያዙ ነበሩ። ለጭንቀትና ለእንቅልፍ አበረታች ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ትንንሽና ደካማ ናቸው። በነጥቦቹ መሀል ይፈስሳል የሚባለውን "ቺ" የተባለ ኃይል የለካ መሣሪያ የለም። ነገር ግን ጡንቻን ቀስ ብሎ መጫን፣ ዝግ ብሎ መተንፈስና 12 ደቂቃ ከስልክ መራቅ አንድ ላይ ሲሆኑ ሰውነትን እንደሚያፍታቱ ማንም ሞክሮ ማየት ይችላል። ለመዝናናት ይህ ይበቃል፤ ስኳርን፣ ደም ግፊትን ወይም ካንሰርን ይፈውሳል ለሚል ሰው ግን ጆሮ አይስጡ።

በገዛ ጣት

ከዚህ ሳይጀምሩ ሌላ ነገር ላይ ገንዘብ አያውጡ። መለኪያው የራስዎ እጅ ነው፤ ነጥቦቹ የሚለኩት በባለቤቱ ጣት ወርድ ስለሆነ ረጅሙም አጭሩም ሰው በትክክል ያገኛቸዋል።

ጥፍርዎን ይቁረጡ፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ ቅባት ግን አይቀቡ። ቫዝሊን ወይም ቅቤ ያለበት ቆዳ ላይ ጣት ይንሸራተታል፤ ቅባት ለማሸት እንጂ ለመጫን አይሆንም። ምግብ በደንብ ከበሉ 1 ሰዓት ይቆዩ። ሰዓት መያዝም አያስፈልግም፦ እስከ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ፤ እንዲህ ያለ 6 ትንፋሽ 1 ደቂቃ ገደማ ነው። የመጀመሪያዋን ደቂቃ ለትንፋሹ ብቻ ይስጧት።

ከዚያ ግንባር። በሁለቱ ቅንድቦች መሀል፣ ከአፍንጫ ግንድ በላይ ባለው ስፍራ መሀል ጣትን አሳርፎ 1 ደቂቃ። እዚህ ክብደት አይደረግም፤ ጣቱ ማረፉ ይበቃል።

ማጅራት። የራስ ቅል አጥንት ከአንገት ጋር በሚገናኝበት፣ ከሁለቱ ወፋፍራም የአንገት ጡንቻዎች ውጭ በኩል ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ። ሁለቱን አውራ ጣቶች እዚያ አስገብተው፣ ሌሎቹን ጣቶች ራስ ላይ ዘርግተው፣ ራስዎን በጣትዎ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ያስደግፉ። ግፊቱ ወደ ላይ፣ ወደ ዓይን አቅጣጫ ይሁን። 2 ደቂቃ። ቀኑን ሙሉ ቡና ሲለቅሙ ወይም ሲያበጥሩ አንገታቸውን ደፍተው ለሚውሉ፣ ለልብስ ሰፊዎችና ለተማሪዎች ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የአንገትን ፊት ለፊትና ጎኑን፣ ትርታ የሚሰማበትን ቦታ ግን በፍጹም አይጫኑ፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ዋና የደም ሥር እዚያ ነው፣ ሊያዞርና ሊያስወድቅ ይችላል።

የእጅ ጀርባ። አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ሲያጣብቁ ጉብ የሚለው ጡንቻ ጫፍ ነጥቡ ነው፤ ቻይናዎቹ ኸጉ ይሉታል። እጁን ፈታ አድርገው በሌላው አውራ ጣት ወደ ሌባ ጣት አጥንት በኩል ይጫኑ፣ በእያንዳንዱ እጅ 1 ደቂቃ። ለራስ ምታትና ለመንጋጋ መጨማደድ ይመረጣል። ነፍሰ ጡሮች ይለፉት።

የክንድ ውስጠኛ ክፍል። የሌላውን እጅ ሦስት ጣቶች፣ ማለትም ሌባ ጣት፣ መሀል ጣትና የቀለበት ጣት፣ አንጓው መጨማደጃ ላይ አግድም ያስቀምጡ። የሦስቱ ጣት ወርድ የሚያልቅበት፣ ጡጫ ሲጨብጡ የሚወጡት ሁለት ጅማቶች መሀል ነጥቡ ነው፤ ኔይጓን ወይም በዓለም አቀፍ መጠሪያው ፒሲ 6። በእያንዳንዱ ክንድ 2 ደቂቃ።

መጨረሻው እግር ነው። ከጉልበት ሎሚ ግርጌ አራት ጣት ወርድ ወደ ታች፣ ከቅልጥም አጥንት አንድ ጣት ወርድ ወደ ውጭ። በትክክል ማግኘትዎን ለማወቅ የእግር ጣቶችዎን ወደ ላይ ይሳቡ፤ ጣትዎ ሥር ጡንቻ ከተወጠረ ደርሰዋል። ሁለቱንም እግር በአንድ ጊዜ 2 ደቂቃ። በጠቅላላው 12 ደቂቃ ሆነ።

ምን ያህል መጫን? ሚዛን ያለው ሱቅ ሲሄዱ አውራ ጣትዎን ሚዛኑ ላይ ጫን አድርገው 3 ኪሎ ምን ያህል እንደሆነ ይለማመዱ፤ ለእጅና ለእግር እሱ ይበቃል። ስሜቱ ክብደትና ደስ የሚል ሕመም ያለበት መሆን አለበት፤ ሕመሙን ከ10 ቢሰጡት ከ5 አይለፍ። የሚወጋ፣ የሚያቃጥል ወይም እንደ ኤሌክትሪክ ወደ ጣት የሚሮጥ ከሆነ ነርቭ ላይ ነዎት፤ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ።

ብዙ ሰው "ሞክሬው አልሠራልኝም" የሚለው በጥቂት ስሕተቶች ምክንያት ነው። ትንፋሽ ይይዛል። እንደ ምጣድ ማሰሻ ይፈትጋል፣ ተጭኖ አይቆይም። አውራ ጣቱን አጥፎ ስለሚጫን ከሦስት ቀን በኋላ የራሱ መገጣጠሚያ ያመዋል፤ ጣት ቀጥ ብሎ ኃይሉ ከትከሻ መምጣት አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ 5 ሰዓት ላይ እንቅልፍን በጣት ይፈልጋል። የቡና ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል። የቡና አገር ሰው ቡናህን ተው አይባልም፤ የመጨረሻውን ሲኒ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ማድረግ ግን ከማንኛውም ነጥብ ይበልጣል። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅምም ሰው እንደዚሁ ነው።

በቤት ሰው እጅ

የራስ ጣት ትከሻንና ጀርባን አያዳርስም። እዚህ ላይ ጅማ የታደለች ናት፦ ያ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ተቀባዩ በርጩማው ላይ ይቀመጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ትራስ አድርጎ ግንባሩን ያሳርፍ። በርጩማው ዝቅ ስለሚል ከኋላ የቆመው ሰው ክንዱን ቀጥ አድርጎ በጣቱ ጉልበት ሳይሆን በሰውነቱ ክብደት መጫን ይችላል። በአንገት ሥርና በትከሻ ጫፍ መሀል ያለውን ጡንቻ በስስ ልብስ ላይ 1 ደቂቃ፣ ከዚያ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ሁለት ጣት ርቆ እየወረዱ በየቦታው 3 ትንፋሽ። አከርካሪው ራሱ ላይ አይጫኑ። ኩላሊት በሚገኝበት፣ ከጎድን አጥንት በታች ባለው ስፍራም በክርን አይጫኑ።

ተቀባዩ ዝም ብሎ የሚችል ከሆነ ውጤቱ ይበላሻል። "ላላ አርጊው"፣ "እዚያው ቆይ" ማለት ይለማመድ። እናትና አባት ለልጆቻቸው "ይበቃል" ማለት ያስጨንቃቸዋልና ልጅ ራሱ "እማዬ፣ በረታብሽ እንዴ?" እያለ ይጠይቅ።

ኳስ፣ የእጅ አንጓ ላስቲክ፣ ባለ እሾህ ምንጣፍ

ከእቃዎቹ ሁሉ ለገንዘቡ የሚያዋጣው ቴኒስ ኳስ ነው። ካልሲ ውስጥ ከተው ካልሲውን በትከሻዎ ላይ አሳልፈው ይያዙ፣ ኳሱን በትከሻ አጥንትና በአከርካሪ መሀል አድርገው በሩን ይደገፉ፣ ጉልበት በማጠፍ ከፍ ዝቅ ይበሉ። የጭቃ ግድግዳ ልስኑ ይረግፋልና የተቆለፈ በር ይሻላል።

ላስቲኩ ፕላስቲክ ጉብታ ያለበት ሲሆን የክንዱን ነጥብ ተጭኖ ይይዛል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጊቤ በረሃ ጠመዝማዛ የሚያቅለሸልሸው ተጓዥ ከመነሳቱ በፊት ሁለቱም እጁ ላይ ቢያደርገው ጉዳት የለውም። ለጉዞ ማቅለሽለሽ ያለው ማስረጃ ግን ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ የተደባለቀ ነው። ጣት ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ጠብቋልና ይውለቅ።

ምንጣፉን አጥብቀን አንመክርም፤ ነጥብን አይለይም፣ ቆዳን ሁሉ ይወጋል፣ አንዳንዱ ሰው ግን ሙቀቱን ይወደዋል። የገዛ ሰው መጀመሪያ ነጠላ አጣጥፎ ደርቦበት 5 ደቂቃ ይተኛ፣ በሳምንታት ውስጥ እስከ 20 ያድርስ። ቆዳ ሊያደማ ስለሚችልና የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጭ 7 ቀን እንኳ መቆየት ስለሚችል ከጎረቤት ጋር አይዋዋሱት።

ማሳጅ ቤት

ጥሩ ባለሙያ ካገኙ በአንድ ጊዜ የሚገኘው እፎይታ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ችግሩ በአብዛኛው የሚሰጠው ዘይት የተቀባ አጠቃላይ ማሳጅ መሆኑ ነው፤ "አኩፕሬዠር" የሚለው ቃል ዝርዝሩ ላይ ስላለ ብቻ ነጥብ የሚያውቅ ሰው አለ ማለት አይደለም። ለመፈተን ቀላል ነው፦ "የማቅለሽለሽ ነጥብ የት ነው?" ብለው ይጠይቁ። ሦስት ጣት ከለካ ያውቃል።

ከመክፈልዎ በፊት ደቂቃው ልብስ ማውለቅንና ሻወርን ይጨምራል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ 60 የተባለው 40 ሊሆን ይችላል። አንሶላው እርስዎ እያዩ እንዲቀየር ይጠይቁ። ሴት ደንበኛ ሴት ባለሙያ መጠየቅ መብቷ ነው፣ ልብስ ሳያወልቁ መታሸትም ይቻላል፤ ለዚህ የሚያጉረመርም ቤት ካለ ይውጡ። ስቲምና ሳውና ጨምረው ከሸጡልዎ ደግሞ ደም ግፊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ወይም ጫት ቅሞ የመጣ ሰው አይግባ።

ወጌሻ

በአገራችን ለመታሸት ስሙ የሚነሳው ወጌሻ ነው፤ እጃቸው የበረታ፣ ጡንቻ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች አሉ። ሥራቸው ግን ሌላ ነው፦ ወለምታና ስብራት። ነጥብ መጫን አይደለም። አደጋውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ስብራት ላይ በጣም የጠበቀ እሥር ደም ከልክሎ እጅና እግር እስከማስቆረጥ ያደረሰባቸው ሕፃናት ብዙ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሐኪሞች ደጋግመው የጻፉበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከወደቁ ወይም ስብራት ከጠረጠሩ መጀመሪያ ራጅ።

ለድካም ብቻ ከሄዱ ግን በአክብሮት አስቀድመው ይናገሩ፦ "ጋሼ፣ ስብራት የለኝም፤ ጡንቻዬን ብቻ ይሹልኝ፣ አንገቴን አያዙሩብኝ።" አንገት ድንገት ጠምዝዞ ማንቋቋት የደም ሥር ሊቀድና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ይህን እምቢ ማለት ነውር የለውም።

ፊዚዮቴራፒ

ሕመሙ ከ6 ሳምንት ካለፈ፣ ወደ እግር የሚወርድ የወገብ ሕመም ከሆነ ወይም መደንዘዝ ካለው ለመዝናናት ብለው አይታሹ። በሐኪም ተመርምረው ወደ ፊዚዮቴራፒ ይላኩ። ለመዝናናት አይመረጥም፤ ለበሽታው ግን ትክክለኛው ቦታ ነው።

| አማራጭ | የወር ወጪ | መደጋገም | ቢሳሳት የሚያደርሰው | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| የገዛ ጣት | የለም | በየቀኑ | መበለዝ | ጭንቀት፣ እንቅልፍ፣ ራስ ምታት |
| የቤት ሰው | የለም | በሳምንት 3 ጊዜ | መበለዝ፣ የጎድን ሕመም | ትከሻና ጀርባ |
| ቴኒስ ኳስ | አንዴ፣ ትንሽ | በየቀኑ | ጥቂት | ብቻውን የሚኖር |
| ላስቲክ | አንዴ፣ ትንሽ | በጉዞ | መደንዘዝ | ማቅለሽለሽ |
| ባለ እሾህ ምንጣፍ | አንዴ፣ መካከለኛ | በየቀኑ | የቆዳ ቁስል | ጤናማ ቆዳ ላለው ብቻ |
| ማሳጅ ቤት | ከፍተኛ | በወር 1 ወይም 2 | እንደ ባለሙያው | አቅም ያለው፣ ሙሉ ሰውነቱ የዛለ |
| ወጌሻ | መካከለኛ | አልፎ አልፎ | ከባድ ሊሆን ይችላል | ጥንቃቄ የሚያውቅ |
| ፊዚዮቴራፒ | እንደ ተቋሙ | በቀጠሮ | ዝቅተኛ | የቆየ ሕመም |

እንደየሰዉ

ፈተና የደረሰበት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማጅራትንና ክንድን ብቻ ይያዝ፣ 5 ደቂቃ፣ ዶርሙ ውስጥ። የባጃጅ ሾፌር ኳሱን ይግዛ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅም ወንበሩና ጀርባው መሀል ያደርገዋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በቡና ለቀማ የሚውሉ ሰዎች ማታ እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ነክረው የጉልበት ሥሩን ነጥብ ይጫኑ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን ደግሞ የቤት ሰው ትከሻቸውን ይጫን። ወር ጠብቆ ማሳጅ ቤት መሄድ የሚችል ሠራተኛም በመሀሉ ያሉትን ቀናት በጣቱ ይሙላ።

ነፍሰ ጡር ሴት የእጅ ጀርባውን፣ በአንገት ሥርና በትከሻ ጫፍ መሀል ያለውን እና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አራት ጣት በላይ ያለውን ነጥብ ትተው፤ ምጥ ሊያስነሱ ይችላሉ ተብለው የሚፈሩ ናቸው። የክንዱ ነጥብ ለጠዋት ማቅለሽለሽ ይፈቀዳል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ከደነዘዘ ምንጣፍም ሆነ እግር ሥር የሚንከባለል የእንጨት መንኮራኩር እግሩ ላይ አያድርግ፤ መቁሰሉን ሳያውቅ ይቀራል። ዋርፋሪንን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ አጥንቱ የሳሳ አዛውንት፣ የደም ሥሩ የተቋጠረበት ወይም እግሩ በዝሆኔ ያበጠ ሰው ከጣት ማረፍ ያለፈ ኃይል አይጠቀም፤ ቁስልና ያበጠ ቦታ ላይ ደግሞ ጭራሹን አይጫን።

የመረጡትን 14 ቀን ይሞክሩት። ደብተር ላይ በየማታው ሁለት ቁጥር ብቻ ይጻፉ፦ የትከሻው ሕመም ከ10 ስንት ነው፣ እንቅልፍ እስኪወስድዎ ስንት ደቂቃ ፈጀ። በ14ኛው ቀን ቁጥሮቹ ካልቀነሱ ሌላ አማራጭ ይቀይሩ፤ እየጨመሩ ከሆነ ደብተሩን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።